ፊቱ ሳይንቀሳቀስ የወረደ እንባ

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ አንድ ትዕይንት ነው። ፊልሙ «ጌት ካርተር» ይባላል፤ በ1971 የወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)፣ በሰሜን እንግሊዝ ኒውካስል ከተማ የተቀረጸ። እንግሊዛዊው ተዋናይ ማይክል ኬን የወንድሙን አሟሟት ሊያጣራ ከለንደን የመጣ ወሮበላ ሆኖ ይጫወታል። አንዲት ሴት ቤት አልጋ ላይ ጋደም ብሎ በፕሮጀክተር የብልግና ፊልም ያያል። መጀመሪያ ነገሩ ብዙም አይገደውም። ቆይቶ ግን እዚያ ፊልም ውስጥ ያለችው ለጋ ልጅ የሟቹ ወንድሙ ልጅ መሆኗን ይለያል። ያኔ እንባው ይወርዳል። ግንባሩ አይቋጠርም፣ ከንፈሩ አይንቀጠቀጥም፣ እጁ ወደ ፊቱ አይሄድም። እንባው ብቻ ይወርዳል።

ይህ ትዕይንት ያልለቀቀኝ አሳዛኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ስለ ኬን ለዓመታት ሲባል ከኖረው ሒስ ጋር አልገጥም ስላለኝ ነው። ሒሱ ሁለት ክንፍ አለው። አንደኛው «ኬን የሚጫወተው ሁልጊዜ ኬንን ነው፤ ፊቱም ድምፁም አይለወጥም» ይላል። ሁለተኛው «ከከፈሉት የማይሠራው ፊልም የለም» ይላል። ለሁለቱም ማስረጃ አይጠፋም። ግን ፊቱ የማይለወጥ ሰው በማይለወጠው ፊቱ ይህን ያህል ሐዘን ካሳየ፣ «አይለወጥም» የሚለው ቃል ራሱ እንደገና መመርመር አለበት።

## አንድ ዓይን፣ 24 ፍሬም

ኬን በ1987 ለቢቢሲ ስለ ፊልም ትወና አንድ ትምህርት ሰጥቶ ነበር። እዚያ ላይ የተናገራቸው ነገሮች ስለ ሥራው ከተጻፉት ብዙ ሐተታዎች የበለጠ ያስረዳሉ፤ ፍልስፍና ሳይሆኑ የእጅ ሙያ ናቸውና። ከሁሉ የታወቀው ስለ ዓይን ያለው ነው፦ በክሎዝ አፕ ጊዜ (ካሜራው ፊትን ብቻ አቅርቦ ሲያሳይ) ዓይንህን አታርገብግብ፤ የምታናግረውን ሰው ስታይ ከሁለቱ ዓይኖቹ አንዱን ብቻ ምረጥ፤ የምትመርጠውም ለካሜራው የሚቀርበውን ይሁን።

ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ሰው ተረጋግቶ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ገደማ ዓይኑን ያርገበግባል። አንዷ ርግብታ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እስከ አራት አሥረኛ ትፈጃለች። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስለሚሄድ እያንዳንዷ ርግብታ ከ2 እስከ 10 ፍሬም ያህል ትበላለች። በ10 ሰከንድ ክሎዝ አፕ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ማለት ነው። በቤት ውስጥ ወግ ማንም አያስተውላትም። ዓይኑ ብቻ የሰው ቁመት በሚያክልበት የሲኒማ ሸራ ላይ ግን መጋረጃ ተዘግቶ እንደሚከፈት ትታያለች። ብዙ ኤዲተሮች ደግሞ ርግብታን የአንድ ሐሳብ መዝጊያ አድርገው ስለሚያዩ ምስሉን እዚያው ጋ ይቆርጡታል። ዓይኑን የማያርገበግብ ተዋናይ ለኤዲተሩ መቁረጫ ቦታ አይሰጠውም፤ ስለዚህ ፊቱ ሸራው ላይ ይቆያል።

የዓይን ምርጫውም እንዲሁ ነው። በተፈጥሮ አንድን ሰው በቅርብ ስናይ እይታችን ከአንዱ ዓይኑ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ካሜራ ይህችን ትንሽ መመላለስ አጉልቶ መቅበዝበዝ ያስመስላታል፤ ሰውየው የሚዋሽ ወይም የሚፈራ ይመስላል። ለሌንሱ የሚቀርበውን ዓይን ከያዝክ ግን እይታህ ይረጋል፣ ፊትህም ወደ ካሜራው ትንሽ ይዞራል።

ይህን ሰምተው የሞከሩ ብዙዎች የሚያበላሹት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ያፈጥጣሉ። ዓይን አለማርገብገብና ማፍጠጥ የተለያዩ ናቸው። ያፈጠጠ ሰው ግንባሩ ይወጠራል፣ ቅንድቡ ይነሳል፣ ዓይኑ ደርቆ ያለ ቦታው ያነባል። ኬን የዓይኑ ቆብ ከባድ ነው፤ ግማሽ የወረደ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል። ቆቡ ከላይ ሲያርፍ ከሥሩ ያለው እይታ አይወጠርም። ሌላው በልምምድ የሚፈልገውን እሱ ተፈጥሮ ለግሳዋለች፤ ብልሃቱ ተፈጥሮው የሰጠውን ማወቁ ነው።

ሌላው ትምህርት ቃለ ተውኔትን ይመለከታል። ቃሉን ሳያስቡት ከአፍ እስኪወጣ ድረስ አጥና፣ ካሜራው ፊት ስትቆም ግን ሌላው የሚልህን ገና አሁን እንደምትሰማው አዳምጥ ይላል። ኬን ከሚናገርባቸው ይልቅ የሚሰማባቸው ክሎዝ አፖች የሚበልጡት ከዚህ የተነሳ ነው። «አልፊ» (1966) ላይ ለተመልካቹ በቀጥታ ሲናገር እንኳ ይህ ይታያል። ኬን እንደሚያስታውሰው በመጀመሪያ ካሜራውን እንደ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አድርጎ ነበር የሚያናግረው፤ አልሠራም። ካሜራውን እንደ አንድ የቅርብ ወዳጅ አድርጎ ድምፁን ሲያወርደው ግን ሰመረ። ፊልሙን ዛሬ ያየ ሰው አልፊ ሴቶችን በሚበድልበት ሰዓት ራሱን የበደሉ ተካፋይ ሆኖ ያገኘዋል፤ ምሥጢሩን የነገረን በሹክሹክታ ነውና።

## ሆድ ያባውን

ወደ እንባው ልመለስ። ኬን የሰከረ ሰውን ስለመጫወት የሚለው ነገር ቁልፉን ይሰጠናል ብዬ አምናለሁ። መጥፎ ተዋናይ ሲሰክር ለመንገዳገድ ይጥራል፤ እውነተኛ ሰካራም ግን የሚጥረው ቀጥ ብሎ ለመሄድ ነው። ልቅሶም እንዲሁ ነው። ተዋናዩ እንባ ለማምጣት ሲታገል፣ በሕይወት ያለ ሰው የሚታገለው እንባውን ለመመለስ ነው። የሚታየው ነገር እንባው ሳይሆን ትግሉ ነው።

እኛ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንላለን። ኬን የሚጫወተው በዚህ ተረት ውስጥ ያለችውን መካከለኛ ቅጽበት ነው፤ ብቅሉ ሊያወጣ፣ ሆድ ደግሞ ሊይዝ የሚታገሉበትን። በ«ኤጁኬቲንግ ሪታ» (1983) ውስኪውን መደርደሪያው ላይ ከመጻሕፍት ጀርባ የሚደብቅ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ለሚናው ወፍሯል፣ ጺም አሳድጓል። ሰክሮ ንግግር ሲያደርግ ከመድረክ የሚወድቅበት ትዕይንት ተመልካች የሚያስታውሰው ነው፤ ለእኔ ግን ከፊልሙ ደካማው እሱ ነው፤ ያን ጊዜ የታባው ወጥቶ አልቋልና። ኃይለኛው ጠባቧ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ተማሪዋ ጁሊ ዋልተርስ ስትናገር እሱ ቃላቱን አንድ በአንድ አስተካክሎ ለማውጣት ሲጠነቀቅ። ያ ጥንቃቄ ራሱ ስካሩ ነው።

«ጌት ካርተር» ሲወጣ ብዙ የብሪታንያ ሃያሲያን ቀዝቃዛና ጨካኝ ብለውት ነበር። በ1999 የብሪታንያ ፊልም ተቋም ከምዕተ ዓመቱ 100 የብሪታንያ ፊልሞች 16ኛ አድርጎ ሲመድበው ግን ያው ቅዝቃዜ ምስጋና ሆነለት። ዳይሬክተሩ ማይክ ሆጅስ ለሲኒማ የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር። በአልጋው ትዕይንት ያደረገው ትልቁ ነገር ከተዋናዩ መንገድ መውጣት ነው፤ አንዴ ሸራውን፣ አንዴ ፊቱን ያሳየናል፣ በቃ።

እኔን ያዞረኝም ይኸው ትዕይንት ነው። ከዚያ በፊት የኬንን ፊልሞች በሁለት ክምር ነበር የማያቸው፦ ለጥበብ የሠራቸውና ለገንዘብ የሠራቸው። አሁን መለያው ሌላ ይመስለኛል። የሚያባው ነገር ያለው ሰው ሲጫወትና የሚያባው ነገር የሌለው ሰው ሲጫወት።

## ንብና ሻርክ

በዚህ ዓይን ካየናቸው መጥፎ ፊልሞቹ ለምን መጥፎ እንደሆኑ በትክክል መናገር ይቻላል። «ዘ ስዋርም» (1978) ላይ ገዳይ ንቦች አሜሪካን ሲወርሩ የሚያስጠነቅቅ የነፍሳት ተመራማሪ ነው። ቃለ ተውኔቱ በአብዛኛው ማብራሪያ ነው፤ ንቡ ከየት መጣ፣ መርዙ ምን ያደርጋል፣ ምን ይሻላል። ያወቀውን ሁሉ ወዲያው የሚናገር ሰው የሚይዘው ነገር አይኖረውም። ከዚያ ይጮሃል። የኬን ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራምና አደገኛ ነው፤ ሲጮህ ግን ይቀጥናል፣ ሥልጣኑንም ያጣል። በዚያ ላይ ንብ አብሮ ተዋናይ አይሆንም፤ የሚያዳምጠው ፊት የለም። ሙያው ሁሉ አብሮት አለ፣ ዓይኑ ዛሬም አይርገበገብም፤ የሚያርፍበት ግን አጥቷል።

የሻርኩ ፊልም «ጆውስ፦ ዘ ሪቬንጅ» (1987) የባሰ ነው። ከባሕር ዋኝቶ ሲወጣ ሸሚዙ ደረቅ ሆኖ የሚታይበት ስሕተት እስካሁን ይነሳበታል። ይህ የተዋናይ ጥፋት አይደለም። በአንድ ትዕይንት ሁለት ቀረጻዎች መካከል ልብስ፣ ፀጉር፣ የሲጋራ ርዝመት፣ የብርጭቆ ውኃ መጠን አንድ መሆናቸውን የሚቆጣጠር የኮንቲኒዩቲ ባለሙያ አለ፤ ትኩስ ፀሐይ ባለበት ቦታ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ልብሱን እንደገና ማራስ የግድ ነው። ስሕተቱ ተቆርጦ ሳይወጣ መቅረቱ ግን ፊልሙ ምን ያህል በጥድፊያ እንደተሠራ ይናገራል።

በመጋቢት 1987 የኦስካር ሽልማት በስሙ ሲጠራ ኬን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ ባሃማስ ላይ ይህንኑ የሻርክ ፊልም እየሠራ ነበር። ይህ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ እንደ ማሳፈሪያ ይነገራል። የተሸለመበትን «ሃና ኤንድ ኸር ሲስተርስ» እና የሻርኩን ፊልም ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን የሚያየው በአንድ ዓመት የተለወጠ ተዋናይን አይደለም። በመጀመሪያው የሚስቱን እኅት የወደደ ባል ነው። ድምፁ ከጀርባ የሐሳቡን ይነግረናል፣ ፊቱ ደግሞ ያንኑ ከሰው ይደብቃል። ልጅቷን መንገድ ላይ «በአጋጣሚ» ለማግኘት በኒው ዮርክ ጎዳና ይሮጥና፣ ስትደርስ ትንፋሹን ውጦ እንደተገረመ ሰው ይቆማል። ስክሪፕቱ ራሱ የተገነባው ኬን በሚችለው በዚያ አንድ ነገር ላይ ነው። የሻርኩ ፊልም ግን ሽታውም የለውም።

ኬን የተወለደው በ1933 ለንደን ውስጥ ነው። አባቱ በቢሊንግስጌት የዓሣ ገበያ ተሸካሚ፣ እናቱ ቤት እያጸዳች የምታድር ነበረች። ከዚህ ቤት የወጣ ሰው ሥራ መረጠ አልመረጠ ብሎ መፍረድ ለሃያሲ ይቀላል። እኔ ገንዘቡን ይቅር ልለው አልፈልግም፣ ልከሰውም አልፈልግም። የምለው፣ ክፍያ የፊልምን ጥራት አያስረዳም ነው። «ዘ ኢፕክረስ ፋይል» (1965) ለገበያ የታሰበ የስለላ ፊልም ነበር፤ ያዘጋጀው ከጄምስ ቦንድ ፊልሞች አዘጋጆች አንዱ ሃሪ ሳልትዝማን ነው። ሆኖም መነጽር ያደረገ፣ አለቆቹን የማይወድ፣ ቤቱ ገብቶ እንቁላል የሚጠብስ ሰላይ ሰጠን። እንቁላሉን በአንድ እጅ የሚሰብረው እጅ የመጽሐፉ ደራሲ የሌን ዳይተን ነው፤ ኬን አልቻለበትም ነበር።

## ለማን ፊት ነው ካሜራው የሚቀርበው?

እስከዚህ ድረስ ያልኩት ለኬን ጥብቅና ይመስላል። አንድ ፊልሙ ላይ ግን ይኸው ችሎታው ለማለፍ የሚከብድ ጥያቄ ያስነሳል። «ዙሉ» (1964) ታዋቂ ያደረገው ፊልም ነው። በጥር 1879 በደቡብ አፍሪካ ሮርክስ ድሪፍት ወደ 150 የሚጠጉ የብሪታንያ ወታደሮች ከ3,000 እስከ 4,000 ከሚገመቱ የዙሉ ተዋጊዎች ጋር ያደረጉትን ውጊያ ያሳያል። ኬን የመጣው ለተራ ወታደር ሚና ነበር፤ ሚናው ለሌላ ተሰጥቶ ሳለ አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሳይ ኤንድፊልድ መኮንኑን ብሮምሄድን ሰጠው። የዓሣ ተሸካሚ ልጅ የመኳንንት መኮንን ሲሆን በወቅቱ የእንግሊዝ የመደብ ሥርዓት ዘንድ ቀላል ነገር አልነበረም። ኬን እንደሚተርከው እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄደውን ልዑል ፊሊፕን ተመልክቶ ነው አካሄዱን የቀዳው፤ ጠባቂ ያለው ሰው እጁን ለመከላከያ አያስፈልገውም።

ብሮምሄድ ፊልሙን ሙሉ ፍርሃቱን አፍኖ ይቆያል። ሲያበቃ፣ ከተቃጠለው ሆስፒታል ፍርስራሽ መካከል ቆሞ እፍረት እንደሚሰማው ይናገራል። ከኬን የመጀመሪያ ዘመን ሥራዎች ይህን የሚተካከል አላውቅም። የተቸገርኩትም እዚሁ ላይ ነው። ፊልሙ ውስጥ የታፈነ ስሜት ያለው፣ ካሜራው ቀርቦ እፍረቱን የሚጠብቅለት ለአንድ ወገን ብቻ ነው። ዙሉዎቹ በሩቅ ይታያሉ፤ ከተራራ ጫፍ እንደ መስመር ይወጣሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይሞታሉ። ንጉሣቸውን ሴትሽዋዮን የተጫወተው የልጅ ልጁ ልጅ ማንጎሱቱ ቡተሌዚ ነው፣ በኋላ የታወቀው ፖለቲከኛ፤ እሱም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ከውጊያው 11 ቀን ቀደም ብሎ የዙሉን ምድር ወርሮ የገባው የብሪታንያ ጦር መሆኑን ፊልሙ አይነግረንም። መጨረሻ ላይ ዙሉዎቹ ለጀግኖቹ ዜማ አሰምተው ሲሄዱ የሚታየውም በታሪክ የሌለ ፈጠራ ነው።

መቅደላ ከዚህ ውጊያ 11 ዓመት ይቀድማል። የዚያን ዘመቻ ታሪክ ከሁለቱም ወገን የሰማ የእኛ አገር ተመልካች «ዙሉ»ን ሲያይ ኮረብታው ላይ ያሉት ሰዎች ያን ማለዳ ምን ሲባባሉ እንዳደሩ መጠየቁ አይቀርም። ይህ የኬን ጥፋት ነው አልልም፤ ገና 30 ዓመት የሞላው፣ የመጀመሪያ ትልቅ ሚናውን ያገኘ ተዋናይ ነበር። ግን ትወናው መልካም በሆነ ቁጥር ሚዛኑ ይበልጥ ያጋድላል። ክሎዝ አፕ የማዘን ፈቃድ ነው፤ ፊልሙ ፈቃዱን ለማን እንደሰጠ ማየት የሃያሲ ሥራ ነው።

«ዘ ኳየት አሜሪካን» (2002) ለዚህ በከፊል መልስ ይመስለኛል። እዚህም ኬን በሰው አገር ያለ እንግሊዛዊ ነው፤ በ1952 ሳይጎን ውስጥ የሚኖር ያረጀ ጋዜጠኛ፣ ፋውለር። ከተማው መሃል ቦምብ ይፈነዳል። ፋውለር በሬሳና በቁስለኛ መካከል ቆሞ፣ የዋህ የመሰለው አሜሪካዊ ወዳጁ ሱሪው ላይ የነካውን ደም ሲጠርግና የአገሬውን ቋንቋ አቀላጥፎ ሲናገር ያየዋል። ወዳጁ በእውነት ማን እንደሆነ የገባው ያን ጊዜ ነው። ከ«ጌት ካርተር» 31 ዓመት በኋላ ያው ዓይን፣ ያው ቆብ፣ ያው አለመንቀሳቀስ። ልዩነቱ ፋውለር የሚያየው ሌላውን ብቻ ሳይሆን እስከዚያች ደቂቃ ምንም ወገን አልይዝም ሲል የኖረውን ራሱንም መሆኑ ነው። ፊልሙ ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ የአሜሪካን እጅ የሚከስ ነው ተብሎ ለወራት ዘገየ፤ ኬን በዚሁ ሚና ስድስተኛውን የኦስካር እጩነት አገኘ።

## ወንዙ ዳር

በ2023፣ በ90 ዓመቱ፣ «ዘ ግሬት ኢስኬፐር»ን ሠርቶ ጡረታ መውጣቱን አሳወቀ። ከአረጋውያን መኖሪያ ሹልክ ብሎ ወደ ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ የሄደ የጦር አርበኛ ነው፣ ሚስቱ ደግሞ ግሌንዳ ጃክሰን፣ በመጨረሻ ፊልሟ። እግሩ ከድቶታል፣ እርምጃው አጥሯል። ለእጁና ለእግሩ የቀረው ሥራ ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ነገር ወደ ዓይኑ ሄዷል። ደካማ የስሜት ማባበያ አለው ብለው የነቀፉት ሃያሲያን ስለ ሙዚቃው ተሳስተዋል አልልም፤ ሙዚቃው ማልቀስ ያለብንን ቦታ ቀድሞ ይጠቁመናል። ኬን ግን ሙዚቃውን አይከተልም።

ስለ «ጌት ካርተር» ያልነገርኳችሁ አንድ ትዕይንት አለ። በፕሮጀክተሩ ካለቀሰ በኋላ ካርተር ያቺን ሴት፣ የቤቱን ባለቤት፣ መኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ቆልፎባት ይነዳል። ወንዙ ዳር ከጠላቶቹ ጋር ይታኮሳል። እነሱ ማንም እንዳለባት ሳያውቁ መኪናዋን ወደ ወንዙ ይገፏታል። ካርተር ያውቃል። ቆሞ ያያል፣ መኪናዋ ትሰምጣለች። ፊቱ በአልጋው ላይ የነበረው ፊት ነው፤ ግንባሩ አልተቋጠረም፣ ከንፈሩ አልተንቀጠቀጠም፣ ዓይኑ አልተርገበገበም። እንባ የለም። ሁለቱን ትዕይንቶች ደጋግሜ አየኋቸው፤ እንባውን ትተን ካየን በሁለቱ ፊቶች መካከል የሚለይ ነገር ላገኝ አልቻልኩም።